ከላሊበላ ማዶ ያለችው ዋግ

ከላሊበላ ወደ አክሱም በአይሮፕላን የሄደ ሰው፣ አውቆትም ሆነ ሳያውቀው፣ ዋግን ከበላዩ ሆኖ አልፎታል። በመስኮቱ ቁልቁል ቢመለከት ውኃ የቦረቦረው ገደል፣ ራሱ የተደለደለ አምባ፣ በአምባው ጫፍ የተንጠለጠለ ማሳ፣ እዚህም እዚያም የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ያያል። ከዚያ አስተናጋጇ ቡናውን ታቀርባለች፤ ዋግም በዚሁ ታልፋለች። የአገር ጎብኚና የዋግ ትውውቅ እስካሁን ከዚህ ብዙም አልራቀም ማለት ይቻላል።

ለዚህ አንድ ምክንያት አለው። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ለአገራችን ያወጡላት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የቱሪስት ድርጅትን ሲያቋቁሙ፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው ታሪካዊ መሥመርም በዚያው ዘመን እየታወቀ መጣ። መሥመሩ መልካም ነው፤ ብዙ እንግዳ አምጥቷል። ነገር ግን የመጠሪያው እንግሊዝኛ የሚናገረው ስለ 13 ወር ፀሐይ ነውና፣ ፀሐይ ፍለጋ የሚመጣ ሰው በክረምት ሻንጣውን አያነሣም። የዋግ ትልቁ ወር ደግሞ ነሐሴ ነው። በዝናብ፣ በጭቃና በጉም መካከል የሚደምቅ አገር፣ ፀሐይን በሚያስተዋውቅ ወረቀት ላይ እንዴት ብሎ ቦታ ያግኝ?

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በአማራ ክልል ውስጥ ከላስታ በስተሰሜን ይገኛል። ዋና ከተማው ሰቆጣ ከአዲስ አበባ 720 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሕዝቡ አገው ነው፤ ቋንቋውም ኽምጣና፣ በአማርኛ አጠራር ኽምጥኛ የሚባለው ነው። አማርኛም አብሮ ይነገራል። ከወረዳዎቹ አበርገሌ፣ ዝቋላና ሳህላ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳሉ፤ የአበርገሌ ፍየል ስሟ ከአገሩ ውጭም የታወቀ ነው። ከሰቆጣ በስተደቡብ ምዕራብ ያለችው ደሃና፣ መቀመጫዋ አምደወርቅ የሆነው፣ ከደጋውም ከቆላውም ድርሻ አላት። በአንድ ወገን ገብስ፣ በሌላው ወገን ማሽላ ይታያል። ጧት ካፖርት ለብሶ የወጣ መንገደኛ ቀትር ላይ ካፖርቱን በትከሻው ተሸክሞት ይገኛል።

የዋግ ገዢ ማዕርግ «ዋግሹም» ይባል ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው በ1262 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከዛግዌ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር፣ ዋግ ለዛግዌ ወራሾች ርስት ሆና ቀረችላቸው፤ የብር ነጋሪት የማስመታትና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብርም ተጠበቀላቸው። ዙፋኑን ያጣ ወገን ወንበሩን ያላጣበት አገር ብዙ አይገኝም። ወንበሩ ግን ዙፋኑን ያስረሳ አይመስልም። ከ6 መቶ ዓመት በኋላ፣ አፄ ቴዎድሮስ እንዳረፉ፣ ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ በተባሉት በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ። ለእኛ ቀረብ ካለው ዘመን ደግሞ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ አሉ። በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ጣሊያንን ሲዋጉ ወደቁ፤ ጠላትም ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። ሰቆጣ የደረሰ እንግዳ ይህን ታሪክ ከአገሩ ሽማግሌ አፍ ሳይሰማ ባይመለስ ይመረጣል።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። ስሙ እንደሚናገረው ቤተ ክርስቲያኑ ከዓለት የተወቀረ ነው፤ የአገሩ ትውፊት ዕድሜውን ከላሊበላ ሕንፃዎች ያስቀድመዋል። በውስጡ የዋግ ሹማምንት ደረቅ አስከሬን በሣጥን ሆኖ ተቀምጧል። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባች ወዲህ እንግዳ የለመደች ከተማ ናት፤ በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ግን ጎብኚው ከቁልፍ ያዡ ካህን ጋር ብቻውን የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። በላሊበላ በኩል የሚመጣ ሰው ደግሞ፣ ጊዜ ካለው፣ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ የታነጸውን ይምርሐነ ክርስቶስን እግረ መንገዱን ሊሳለም ይችላል።

ይህ ሁሉ በየትኛውም ወር የሚታይ ነው። በነሐሴ ብቻ የሚታየው ሻደይ ነው።

ሻደይ በመጀመሪያ የሣር ስም ነው። ልጃገረዶች ይህን ረጅምና ለምለም ሣር ጎንጉነው በወገባቸው ያሥሩታል፤ ሲጨፍሩ ከነጩ ቀሚስ በላይ ወዲያና ወዲህ ይዘናፈላል። የሣሩ ስም የበዓሉም ስም ሆኖ ቀረ። ጊዜው ከነሐሴ 16 እስከ 21 ቀን ነው። ነሐሴ 1 የገባው የፍልሰታ ጾም በ16 ይፈታል፤ ጾሙ ሲፈታ ጨዋታው ይጀመራል። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በ13፣ ወንዶቹ ልጆች በቡሄ ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙላቸውን ሰብስበዋል፤ አሁን ተራው የሴቶቹ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ገና በጾሙ ውስጥ ነው። ሹሩባ ይሠራል፤ ቀሚስ ይታጠባል፤ ኩል ይዘጋጃል፤ ድሪና አልቦ ያላት ታወጣለች፤ የሌላት ትዋሳለች። ከበሮው ይወጠራል። በሌላው ጊዜ ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ፣ ከብት መልሺ ስትባል የምትውል ልጅ በነዚህ ቀናት ማንም አያዛትም። ወዴት ነሽ፣ ለምን አመሸሽ የሚላትም የለም። ይህን ነገር ለከተማ አንባቢ አስረግጬ መናገር እወዳለሁ። የሻደይን ፎቶግራፍ አይቶ የሣሩንና የሹሩባውን ውበት የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ልጃገረዶቹን ያን ያህል የሚያስፈነጥዛቸው ግን ከዓመቱ ውስጥ እነዚህ ቀናት የራሳቸው መሆናቸው ጭምር ነው።

እኩያ ከእኩያዋ ጋር ይሰባሰባሉ፤ ትንንሾቹ ለብቻ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሱት ለብቻ። አስቀድመው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ በየቤቱ ይዞራሉ። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ባለቤቱን ያወድሱታል፤ እጁ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ በግጥም ሸንቆጥ ያደርጉታል። ቀድሞ እህሉም ሌላውም ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ገንዘብ ነው። የተሰበሰበው ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለተቸገረ ይሰጣል፤ አለዚያም አብረው ይበሉበታል። ጎረምሶቹ ዳር ዳሩን ይቆማሉ። የቆሙት ከበሮውን ለመስማት ብቻ እንዳልሆነ እነሱም፣ ልጃገረዶቹም፣ የልጃገረዶቹ እናቶችም ያውቃሉ።

የበዓሉ ምንጭ ምንድን ነው ቢባል፣ ከእመቤታችን ዕርገት ጋር የሚያያይዘው አለ፤ ርግብ ለኖኅ ካመጣችለት ለምለም ቅጠል የሚያነሣው አለ፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ከተጻፈው ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ የሚጀምረውም አለ። በበኩሌ ሦስቱን ለማስታረቅ አልሞክርም። ስለ ስሙም ክርክር አለ። ዋግ ሻደይ ይለዋል፤ ላስታ አሸንድዬ፤ ራያ ቆቦ ሶለል፤ ትግራይ አሸንዳ። በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የአራቱም አገር ልጆች በአንድ ገበታ ላይ «እናንተ ከእኛ ወሰዳችሁት» እየተባባሉ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ሣሩ በአራቱም አገር ይበቅላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሰቆጣ በዓሉ በአደባባይ ይከበራል። መድረክ ይዘጋጃል፤ የክብር እንግዶች በጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ድምፅ ማጉያ ይተከላል፤ ንግግር ይደረጋል። ይህ መጥፎ ነው አልልም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብዙ ልጃገረድ በአንድ ቦታ ያያል፤ ሆቴሎች ይሞላሉ፤ ማርና ቀሚስ ይሸጣል። ግን ንግግሩ በረዘመ ቁጥር ሻደዩ ይጠወልጋል። እንዲህ ስል ስለ ሣሩ ብቻ አይደለም። በየደጁ ዞራ፣ ባለቤቱን በስሙ ጠርታ፣ መልሱን ከአፉ የምትቀበል ልጅ አንድ ነገር ናት፤ ተራዋ እስኪደርስ ከመድረክ ጀርባ ተሰልፋ የምትጠብቅ ልጅ ሌላ ነገር ናት። የመጀመሪያዋ ትጫወታለች፤ ሁለተኛዋ ታሳያለች።

ስለዚህ ጊዜ ያለው ጎብኚ የሰቆጣውን አደባባይ አንድ ቀን ካየ በኋላ ወደ ገጠሩ፣ ለምሳሌ ወደ ደሃና፣ ዘለቅ ቢል እመክራለሁ። እዚያ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ያለው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። የከበሮው ድምፅ ከማዶ ይሰማል፤ ጨፋሪዎቹ ግን ገና ጅረቱን አልተሻገሩም። አስተናጋጅ ኮሚቴ የለም፤ አስተናጋጁ ባለቤቱ ነው። እንግዳው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ልጆቹ ከመጡ እሱም ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ ግጥሙም አይቀርለትም።

በዚሁ በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት፣ በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት ነዋሪዎች ትልቅ ባዛር አላቸው። በእነሱ አቆጣጠር በ1854 የተጀመረ ነው፤ 11 ቀን ይቆያል፤ ከቅቤ የተሠራች ሙሉ ቁመት ላም ከሚታዩት ነገሮች አንዷ ናት። በዓመት ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይጎርፋል። የቅቤ ላም ለማየት! የእኛ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ላሚቱን ቀርቶ ቅቤውን ያዝናል። ግን አንድ ነገር እናስተውል። የአዮዋው ጎብኚ ቀኑን፣ ማደሪያውን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ የትኛው ውድድር በስንት ሰዓት እንደሆነ ገና በክረምቱ ሳለ ያውቃል። የሻደይ ቀን ከዓመት ዓመት አይዘዋወርም፤ እንደ ፋሲካ ባሕረ ሐሳብ አያስቆጥርም። ነሐሴ 16 ሁልጊዜም ነሐሴ 16 ነው። ታዲያ የበዓሉን ሥርዓት፣ የማደሪያውንና የመጓጓዣውን ነገር ከስድስት ወር በፊት አትሞ ማውጣት ምን ይከብዳል?

በሌላው ወቅት የሚመጣም ባዶ እጁን አይመለስም። ዝናቡ ካባራ በኋላ አበባው ይፈነዳል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ማር ይቆረጣል፤ የሰቆጣ ነጭ ማር የታወቀ ነው። በቆላው ወገን፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎችን አፍርቷል። ገናን በላሊበላ ያከበረ ሰው ለጥምቀት ወደ ዋግ ቢሻገር ሁለቱን በዓል በአንድ ጉዞ ያገኛል።

የዋግ ስም በከተሜው ዘንድ የሚነሣው ግን በዚህ አይደለም፤ በረሃብ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ይህን አገር ክፉኛ ጎድቶታል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ያወጣው ዕቅድም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ቃል ኪዳኑ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ከተማዋ በየጉባኤው ስሟ የሚጠራው በመቀንጨር ምክንያት ብቻ መሆኑ ይቆጫል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ዋግ ደርሶ ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቀለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ የተዘጋበት ጊዜ አለና፣ ጎብኚ ከመነሣቱ በፊት በቅርቡ ከሄደ ሰው ጠይቆ መረዳት ይገባዋል። ይህን ሳይናገሩ ሰውን ና ተጓዝ ማለት እንግዳን ማክበር አይሆንም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን እንዴት ይኬዳል? በደሴና በወልዲያ አድርጎ፣ በላሊበላ ወይም በቆቦና በኮረም በኩል ነው። በአይሮፕላን የሚመጣ ላሊበላ ወርዶ መኪና ይይዛል። ክረምት ስለሆነ ጃንጥላ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማና ለማታ የሚሆን ወፍራም ልብስ አይቅር። መኪናው ጭቃ ላይ ቢቸከል መግፋት የተለመደ ነው። ጾሙ የተፈታበት ሰሞን ስለሆነ ፍየሉ ይታረዳል፤ በረቡዕና በዓርብ ግን ሽሮውን መቀበል ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚፈልግ አስቀድሞ ልጃገረዷን ይጠይቅ፤ እናቷ ካለችም እናቷን። ዝርዝር ብር ከሰቆጣ ይያዝ፤ ገጠር ውስጥ ባለ 2 መቶውን ብር የሚዘረዝር አይገኝም። ገንዘቡንም በመኪና መስኮት አውጥቶ መወርወር ነውር ነው። ልጆቹ ግጥማቸውን እስኪጨርሱ ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ከዚያ ተነሥቶ በሁለት እጅ መስጠት የአገሩ ወግ ነው።