የጋራ ላቦራቶሪ ከመሣሪያ ግዥ ባሻገር የባለሙያና የጥገና በጀት ይሻል

እንደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ማስ ስፔክትሮሜትር ያሉ የሕክምና ምርምር መሣሪያዎች ዋጋቸው እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ እያንዳንዱ የምርምር ቡድን ለየብቻው ሊገዛቸው አይችልም። ችግሩን ለማቃለል ከተቀየሱት ስልቶች አንዱ ማዕከላዊ የጋራ ላቦራቶሪ ማቋቋም ነው። በዚህ አሠራር መሣሪያው የተቋሙ የጋራ ንብረት ሆኖ፣ በሠለጠኑ ባለሙያዎች እየተንቀሳቀሰ፣ በተራና በክፍያ ለሁሉም ተመራማሪዎች አገልግሎት ይሰጣል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመሩት የጋራ መሣሪያ ድጋፍ መርሐ ግብር ለዚህ አብነት ይሆናል። መርሐ ግብሩ ድጋፍ ለሚጠይቅ ተቋም መሣሪያውን በጋራ የሚጠቀሙ ቢያንስ ሦስት ዋና ተመራማሪዎች እንዲኖሩት፣ አጠቃቀሙን የሚከታተል አማካሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁም እንዲሁም በአገልግሎት ክፍያ የማይሸፈነውን የጥገናና የባለሙያ ወጪ ራሱ ለመሸፈን ግዴታ እንዲገባ መስፈርት ሲያስቀምጥ ቆይቷል።

የአገልግሎት ክፍያውን በተመለከተም የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥት ደንብ ታሪፉ ወጪን ከመመለስ ያለፈ ትርፍ እንዳያስገኝና ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲስተካከል ያዛል።

ከዚህ አሠራር መረዳት እንደሚቻለው የጋራ ላቦራቶሪ ውጤታማነት በመሣሪያው ዘመናዊነት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ባለሙያ ያልተመደበለትና የጥገና በጀት ያልተያዘለት መሣሪያ፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በብልሽት ሳቢያ ያለ ሥራ መቀመጡ አይቀርም። በመሆኑም የግዥ ውሳኔው የዓመታዊ ማንቀሳቀሻ በጀቱን ጭምር ያካተተ ሊሆን ይገባል።