አንዱ ኳስ ሁለት ሆኖ ሲመጣ

ህዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም ሳን ሲሮ ላይ ኢንተር ሚላን ናፖሊን 3ለ2 ሲረታ ቪክቶር ኦስሜንና የኢንተሩ ተከላካይ ሚላን ሽክሪንያር የአየር ኳስ ሊሻሙ ተነሱና ጭንቅላት ለጭንቅላት ተላተሙ። የናይጄሪያዊው የግራ ጉንጭና የዓይን ጉድጓድ አጥንት ብዙ ቦታ ተሰበረ። በቀዶ ሕክምና በብረትና በብሎን ተጠገነ፤ ዋልያዎቹም የተካፈሉበት የካሜሩን አፍሪካ ዋንጫ ግን አመለጠው። ጥር ላይ ጭንብል አጥልቆ ተመለሰ። ናፖሊ በ2022/23 ሻምፒዮን ሲሆን በ26 ጎል የሴሪአው ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ያጠናቀቀውም ጭንብሉን ሳያወልቅ ነው።

ጭንብሉን ሁሉም አየ። ዛሬ ወሬያችን ከጭንብሉ ጀርባ ስላለው ዓይን ነው።

ዓይናችን የተቀመጠበት ጉድጓድ ወለሉ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው። ክርን ወይም ጭንቅላት ሲያርፍበት ወለሉ ወደ ታች፣ ወደ ሳይነሱ ይሰነጠቃል። ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ስንጥቁ ውስጥ ከተያዘ ተጫዋቹ ቀና ሲል አንዱ ዓይን ይወጣል፣ ሌላው እዚያው ይቀራል። ያኔ አንዱ ኳስ ሁለት ይሆናል። የትኛውን በቴስታ ይምታ?

ቀዶ ሕክምናው ጡንቻውን አስለቅቆ ወለሉን በስስ ብረት ወይም በመሰል ነገር ይደግፋል። ታዲያ ብዙዎች የሚደነግጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ "ተሰርቶልኝም ሁለት ይታየኛል!" እብጠቱ እስኪወርድና የተጎዳው ጡንቻ እስኪያገግም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዓይኑ በራሱ ዙሪያ ትንሽ ዞሮ ይቀራል። ይሄኛው ምስል ከመደረብ አልፎ ያጋድላል፤ የጎሉ አግዳሚ ራሱ የተንጋደደ ይመስላል። ካልተሻለ የፕሪዝም መነጽር አለ፤ ግን ፕሪዝም መደረቡን እንጂ ማጋደሉን አያቃናም። ለእሱ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ያህል ጠብቀው ነው የዓይኑን ጡንቻ ራሱን የሚያስተካክሉት።

አሁን ሚዛን ተፈሪ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው። ዝናብ በማይለየው የቡና አገር፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ሜዳው ጭቃ ነው፤ ኳሷ መሬት ላይ አልንከባለል ስትል ጨዋታው ወደ አየር ይወጣል፣ ግጭቱም ያው እዚያው ነው። የተጎዳው ታዳጊ ከሆነ አደጋው የተለየ ነው። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ ቅርንጫፍ ታጥፎ ይመለስና ጡንቻውን እንደ ወጥመድ ነክሶ ይይዘዋል። ከላይ ሲያዩት ዓይኑ ነጭ ነው፣ ደምም እብጠትም የለ። ልጁ ግን ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል። "ጨጓራው ነው"፣ "ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው" ተብሎ ካደረ ጡንቻው ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ በተቻለ መጠን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መሰራት አለበት፤ ስፔሻሊስት ፍለጋ ጅማ ወይም አዲስ አበባ የሚያስኬድ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ጊዜ መንገድ ላይ ያልቃል።

ለዚህ ነው ወጌሻው ሜዳ ውስጥ ሲገባ ከበረዶው በፊት ጣቱን ማንሳት ያለበት። ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች በዓይኑ ይከተል። ጉንጩና የላይኛው ከንፈሩ ደንዝዟል ወይ? ማሸት ክልክል ነው፤ መናፈጥም እንዲሁ፣ አየሩ በስንጥቁ ወደ ዓይኑ ጉድጓድ ይገባል። ውሃ ረጭቶ "ተነስ፣ አይዞህ!" ማለቱ ለሌላ ጉዳት ይሁን። እዚህ ላይ ጥያቄው "ስንት ጣት ይታይሃል?" ነው፤ ልጁ ሁለት ካለ ቅያሪው ይግባ፣ መኪናም ይፈለግ።