ምልክት ያልተገኘባት ልጅ

አዲስ አበባ ሲግናል አካባቢ እንደ እኔ ለሚሠራ ሐኪም ከፖሊስ ጣቢያ የሚመጣው ደብዳቤ አጭር ነው፦ ሕፃኗ ተመርምራ ውጤቱ ይገለጽልን። ልጅቷ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ጋር ትገባለች፤ መርማሪው ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ የማነጋግረው እናትየዋን ነው። እሷም ገና ሳልመረምር «ዶክተር፣ ልጄ ደህና ናት?» ትለኛለች። ደህና ናት ስትል ክብረ ንጽህናዋን ማለቷ ነው። ፖሊሱም ሆነ ጠበቃው በኋላ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

እኔ ደግሞ ልመልሰው የማልችለው ይህንኑ ነው። የሕፃን ገላ ቶሎ ይድናል፤ ብዙው ጥቃት መጀመሪያውኑ ቁስል አይተውም፤ ልጆችም የሚናገሩት ሰንብተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ታዳጊዎችን መርምሮ የግንኙነት ምልክት በማያሻማ ሁኔታ ያገኘው በ2ቱ ላይ ብቻ ነበር። እርጉዝ ናቸው እኮ! ስለዚህ «ምልክት አልታየም» ብዬ ስጽፍ «ጥቃት አልደረሰም» ማለቴ አይደለም። «የቆየ መሰንጠቅ» የሚለውም ብቻውን ማንንም ሊያስፈርድ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስታውቋል።

ይህን ማብራሪያ ችሎት ላይ ማን ይስጥ? የዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 136 ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹንና ልዩ አዋቂዎቹን እንደሚያሰማ ይናገራል፤ የልዩ አዋቂው ቃል በምን መለኪያ ተመዝኖ እንደሚገባ ግን አይዘረዝርም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993ቱ የዳውበርት የፍርድ ውሳኔ ወዲህ የፌዴራል ዳኞች የባለሙያውን ዘዴ አስቀድመው ይፈትሻሉ። እዚህ ግን እኔ ባየሁት ማኅተም ያረፈበት የምርመራ ወረቀት ያለ ጥያቄ ይገባል፤ የጻፈውም ሐኪም ሳይጠራ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደሚመቸው ይተረጉመዋል።

ሐኪም ስለተጠራ ብቻ እውነት ይወጣል እያልኩ አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም ሁለት ጨቅላዎች ከአንድ ቤት በድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ መሰከረ። ስሌቱ የስታቲስቲክስ ስሕተት ነበር፤ ሙያውም አልነበረም። ልጆቿን ገድላለች የተባለችው እናት ሳሊ ክላርክ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ታስራለች። ለዚህ ነው ሐኪሙ መስቀለኛ ጥያቄ ፊት መቆም ያለበት፤ ተከሳሹም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው። ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ ለሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት የወንጀል ሕጉ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ይህን ያህል ዓመት ማብራሪያ ባልተሰጠበት አንድ መስመር ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

የሥራ ባልደረቦቼ «ልደታ ፍርድ ቤት ስንመላለስ በሽተኛውን ማን ያይልናል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግማሽ ቀን ቀጠሮ ጠብቆ ዋለ ማለት ተረኛ ክፍሉ ባዶውን ዋለ ማለት ነው። ነገር ግን ልደታ የሚያስችለው የሕፃናት ችሎት ልጅቷን ከተከሳሹ ፊት ሳያቆም ከሌላ ክፍል በካሜራ መስማት ከጀመረ ቆይቷል። ለልጅቷ የተቻለው ለሐኪሟም ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ከሆስፒታል የሚገናኝ መስመርና የተቆረጠ ሰዓት ነው።