ፌስታል ዋጋ ሲወጣለት

ባለፈው የፋሲካ ሌሊት በጦር ሰፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ ውስጥ አንድ በግ ታርዶ ነበር። በጉ ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ በአጥሩ ዳር ሲግጥ የከረመ፣ የጎረቤት ልጆች ስም አውጥተው የተንከባከቡት፣ ሆኖም ሣርም ጥራጥሬም ቢቀርብለት ሥጋ አልይዝ ያለ በግ ነበር። ሆድ ዕቃው ሲከፈት የነገሩ ምሥጢር ተገለጠ። ከጨጓራው ውስጥ የተገመደና የተጠቀጠቀ፣ ሰማያዊና ጥቁር ቀለሙን እንኳ ያልለቀቀ፣ የሁለት ጭብጥ ያህል ፌስታል ወጣ። የሃምሳ አለቃው ባለቤት ጨጓራውን ለዱለት ልታጥብ ውሃ አሙቃ ትጠብቅ ነበርና ያንን ስታይ «ለካስ ስንቀልበው የከረምነው የራሳችንን ጥራጊ ኖሯል!» አለች። እኛም በቦታው ነበርንና ሰምተናል። በዚያ ቤት በዚያ ዓመት ዱለት ሳይበላ ቀረ።

ስለ ፌስታል ለመጻፍ የተነሣሣነው ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው። ርዕሱ ለወታደር ጋዜጣ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግንቦት 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን ከከለከለና ይዞ የተገኘውንም ሰው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር እንዲቀጣ ከደነገገ ወዲህ፣ በቡና ሰዓትም ሆነ በውሃ ወረፋ ላይ ይህ ነገር ሳይነሣ የዋለበት ቀን የለም። ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው፦ «በውጭ አገር ሱፐርማርኬቶቹ ፌስታሉን በገንዘብ ይሸጣሉ እንጂ ጨርሶ አልተከለከለም ይባላል። እኛስ ዘንድ ዋጋ ብቻ ቢቆረጥበት ምን ነበረበት?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ዋጋ የቆረጡት አገሮች ምን እንዳገኙ መመልከቱ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። የውጭ አገሮቹን ዘመናት በእነርሱው አቆጣጠር እንጽፋለን።

አስቀድመን ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት እንበል፤ የሬዲዮና የራዳር ሙያተኞቻችን ደስ ይሰኙበታልና። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን የተባለው ቁስ የተገኘው በ1933 በእንግሊዝ አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ለሌላ ነገር ሲሞከር ሳይታሰብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ገመዶችን ለመሸፈን ስለዋለ የጦር ምሥጢር ሆኖ ተጠብቋል። ዛሬ በየቦዩ የሚንከባለለው ነገር በአንድ ወቅት በዘበኛ የሚጠበቅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ከዚህ ቁስ ባለ እጀታ መያዣ የሚሠራበትን ዘዴ አወጣ። ልጁ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ መያዣውን ያሰበው ለወረቀት ከረጢት ሲባል የሚቆረጠውን ዛፍ ለማዳን ሲሆን፣ እርሱም ራሱ አንዱን አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። አንዴ ተይዞ እንዲጣል የታሰበ ዕቃ አልነበረም። ጥፋቱ የመጣው ባለ ሱቆች በነፃ መስጠት ሲጀምሩ ነው። ነፃ የሆነውን ነገር ማንም አጣጥፎ በኪሱ አይዝም።

ለዚህ ዋና ምስክር የምትሆነው አየርላንድ ናት። መንግሥቷ ከማርች 2002 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ጣለ። ገንዘቡ ለባለ ሱቁ ትርፍ የሚሆን አልነበረም፤ ከገዢው ላይ ተሰብስቦ ለአካባቢ ጥበቃ ወደተቋቋመ ፈንድ የሚገባ ነበር። ቀድሞ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 328 ፌስታል ይጠቀም እንደነበር ሲገመት፣ ክፍያው ከተጀመረ በኋላ ቁጥሩ ወደ 21 ወረደ። ሳንቲሟ ይህን ያህል ኃይል ያገኘችው ሕዝቡን ስላደኸየች አልነበረም፤ ለአየርላንድ ሠራተኛ 15 ሳንቲም የሚታይ ገንዘብ አይደለም። ኃይሏ በጥያቄዋ ላይ ነበር። ቀድሞ ሻጩ ሳይጠየቅ ዕቃውን በፌስታል ይከት ነበር፤ አሁን ግን «መያዣ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ሆነበት። የተጠየቀ ሰው ደግሞ ቆም ብሎ ያስባል። በጥበቃ ላይ የቆመ ወታደር «ማነህ?» ሲል የሚመጣው ሰው እርምጃውን እንደሚገታ ሁሉ፣ ያች ጥያቄም በልማድ የሚሄደውን እጅ ገታችው። በ2007 ሕዝቡ ዋጋውን እየለመደው ሲመጣና አጠቃቀሙም ማንሠራራት ሲጀምር መንግሥቱ ዋጋውን ወደ 22 ሳንቲም ከፍ አደረገው። ይህን ነጥብ አንባቢዎቻችን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግሊዝ ዘግይታ ተነሣች። በ2014 ሰባቱ ታላላቅ ሱፐርማርኬቶች ብቻ 7.6 ቢሊዮን ፌስታል ለገዢዎች አድለው ነበር። በኦክቶበር 2015 ታላላቅ መደብሮች በእያንዳንዱ ላይ 5 ፔንስ እንዲያስከፍሉ ታዘዙ፤ በሜይ 2021 ዋጋው 10 ፔንስ ሆኖ ትናንሽ ሱቆችንም እንዲጨምር ተደረገ። የስስ ፌስታል ቁጥር ከመቶ ከ95 እጅ በላይ ወረደ። እስከዚህ ድረስ ድል ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ መደብሮች ስሱን ትተው ወፍራም ፌስታል «የዕድሜ ልክ መያዣ» እያሉ በጥቂት ሳንቲም ይሸጡ ጀመር። ሰዉም የዕድሜ ልኩን መያዣ በየሳምንቱ ገዛ። በ2019 ብቻ ከ1 ቢሊዮን በላይ ተሸጠ። አንድ ሰው ስንት ዕድሜ ቢኖረው ነው ይህን ሁሉ የሚገዛው? ከዚህም በላይ ክፍያው ግብር ስላልነበረ ገንዘቡ በሱቆቹ እጅ ይቀራል፤ ለበጎ ሥራ እንዲሰጡት ይጠበቃል እንጂ በሕግ አይገደዱም። እኛ በበኩላችን የአየርላንዱን ሥርዓት እንመርጣለን። ገንዘቡ የሚገባበት ሣጥን በግልጽ ሲታወቅ ከፋዩ አይከፋውም።

ዘመዶቻቸው በእስራኤል የሚኖሩ የሠራዊቱ ቤተሰቦችም ይህን ከደብዳቤና ከስልክ ሳይሰሙ አልቀሩም። በዚያ አገር ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ታላላቆቹ ሱፐርማርኬቶች በፌስታል 10 አጎሮት ያስከፍላሉ። ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ነገር ግን ተቆጥራ በደረሰኙ ላይ ትጻፋለች።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ትምህርት ግን ከደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ነው። በዚያ አገር ፌስታል በየአጥሩና በየእሾሁ ላይ ከመብዛቱ የተነሣ ሰዉ እያላገጠ «ብሔራዊ አበባችን» ይለው ነበር። በሜይ 2003 መንግሥት ስሱን ከልክሎ ወፍራሙ 46 ሳንቲም እንዲሸጥ አደረገ፤ አጠቃቀሙም ወዲያው ወደቀ። ሆኖም ጥቂት ወራት ሳይቆይ ዋጋው እንዲቀንስ ተደረገ፤ ሰዉም የቀነሰውን ዋጋ ከዳቦውና ከስኳሩ ሒሳብ ጋር እንደ ተራ ወጪ ቆጥሮት ወደ ቀድሞ ልማዱ አዘነበለ። አየርላንድ ልማድ ሲያንሠራራ ዋጋ ጨመረች፤ ደቡብ አፍሪካ ቀነሰች። ውጤታቸውም ተለያየ።

ይህን ካነበብን በኋላ የራሳችንን ገበያ መለስ ብለን አየነው። «ፌስታል! ፌስታል!» እያሉ በሰው መሐል የሚሽሎከሎኩትን ሕፃናት ማን ያላያቸው አለ? በገበያችን ፌስታል ድሮውንም በገንዘብ የሚሸጥ ነበር! ቲማቲም የገዛች እናት ለመያዣው ሳንቲሟን ቆጥራ ትከፍል ነበር። ታዲያ የአየርላንዱ ዓይነት ለውጥ ለምን እኛ ዘንድ አልታየም? ምክንያቱ፣ በእኛ ግምት፣ ዋጋው ከምንም የማይቆጠር መሆኑና ገንዘቡም ፌስታሉን ለሚያመርተውና ለሚያከፋፍለው ትርፍ መሆኑ ነው። ትርፍ ያለበት ነገር እንዲበዛ እንጂ እንዲያንስ የሚተጋ ነጋዴ የለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ለመግታት ሞክሮ ነበር። ነገር ግን በገበያ መሐል ሚሊ ሜትር የሚለካ ማን ነው? ለሸማቹም ለደንብ አስከባሪውም ስሱና ወፍራሙ በዓይን አይለይም። ስለዚህ «ዋጋ ብቻ ቢቆረጥበት» ለሚሉት ወገኖቻችን ያለን መልስ ይህ ነው፦ ዋጋ የሚሠራው ደረሰኝ በሚቆርጥ ሱፐርማርኬት ነው፤ በጉልት ላይ ግን ማን ያስከፍላል፣ ማንስ ይቆጣጠራል?

ጎረቤቶቻችንም ይህንኑ ተረድተው ይመስላል ክፍያውን ዘለው ወደ ክልከላ የገቡት። ኤርትራ በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በኦገስት 2017፣ ታንዛኒያ በጁን 2019 ከልክለዋል። የኬንያው ሕግ እስከ 4 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጮ የሚደርስ ነው። በኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ተጓዥ ፌስታሉን እንዲያስረክብ ይደረጋል።

ሆኖም ክልከላው ሸክም አለው፤ ሸክሙም በሁሉም ትከሻ ላይ እኩል አላረፈም። በአጥራችን ውጭ ጉልት ይዘው ሽሮና በርበሬ፣ ሽንኩርትና ቆሎ የሚቸረችሩ የባልደረቦቻችን ባለቤቶች አሉ። ባለ ሱፐርማርኬቱ የጨርቅ መያዣ ደርድሮ ተጨማሪ ትርፍ ያገኝበታል፤ እነርሱ ግን ለግማሽ ኪሎ ሽንኩርት የሚሆን ርካሽ መያዣ አጥተው ደንበኛ በባዶ እጁ ሲመለስ ያያሉ። አንዲት እናት «ሽንኩርቱን በነጠላዬ ልቋጥርለት?» ብለው ጠይቀውናል። ለጊዜው የረዳቸው የቆየ ጋዜጣ ነው። ይህ ጋዜጣችንም ከተነበበ በኋላ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ ወደ ሰፈራችን ሲመለስ አግኝተነዋል፤ አልተቀየምንም። በርበሬው የተጠቀለለው በርዕሰ አንቀጻችን መሆኑ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኝቶናል።

ወደ ገበያ የሚሄደው ማን እንደሆነም እናውቃለን። አባወራው ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ዳቦ ልግዛ ቢል፣ ድሮ ፌስታሉ ከዳቦው ጋር ይመጣ ነበርና ስለ መያዣ አስቦ አያውቅም። አሁን ከረሳ ወይ ዳቦውን ታቅፎ ይሄዳል፣ ወይ ሳይገዛ ይመለስና ባለቤቱን ይልካል። የአንድ ክፍል የሥራ ጓዶቻችን ይህን ተነጋግረው እያንዳንዳቸው የታጠፈ መያዣ በኪሳቸው እንዲይዙ ተስማምተዋል። በሰልፍ ላይ የሚፈተሽ ነገር አይደለምና አንዳንዱ ይረሳል፤ ግን ጀምረውታል።

ስለ መያዣው ዓይነት ደግሞ እህቶቻችን ሊያውቁት የሚገባ ሒሳብ አለ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ሲመረት በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከአንድ ተራ ፌስታል ጋር እንዲተካከል የወረቀት ከረጢት 3 ጊዜ፣ ጨርቅ መስሎ የሚታየው የፕላስቲክ ዘንቢል 11 ጊዜ፣ እውነተኛው የጥጥ ቦርሳ ደግሞ 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። ጥጥ ውሃና ማሳ ይፈልጋል፤ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ስለዚህ መልኩ ያማረውን ቦርሳ በየወሩ እየቀየሩ የሚገዙ ሰዎች ምንም አላዳኑም። ቤታችን በር ጀርባ የተሰቀለው፣ እናቶቻችን ለዓመታት ያመላለሱት፣ እጀታው ሲበጠስ በገመድ የታሰረው ዘንቢል ግን ሒሳቡን ከዘጋ ቆይቷል።

እኛም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። ባለፈው ወር ስኳርና ሳሙና ልንገዛ ሱቅ ገብተን፣ ከፊታችን የቆሙ አራት እናቶች በሙሉ ዘንቢላቸውን አንግበው ሳለ፣ ስለ ፌስታል ለመጻፍ ማስታወሻ ደብተር የያዝነው እኛ ብቻ ባዶ እጃችንን ነበርን። ልጅቱ «መያዣ ይጨመር?» አለችን፤ ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየን። የፕላስቲክ ዘንቢሉን ከሁለት ዳቦ ዋጋ በላይ ከፍለን ወሰድነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ተሰቅሏል። ይህ ጽሑፍ ለኅትመት እስከተላከበት ቀን ድረስ 7 ጊዜ ገበያ ደርሷል፤ 4 ይቀረዋል።