ቦርጭ ያጠፋል የተባለው ሻይ

አረንጓዴ ሻይ ክብደት ይቀንሳል የሚለው ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ጤናማ ወንዶችን የሚተነፍሱት አየር በሚለካበት ዝግ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት አቆዩ። ሰው የሚወስደው ኦክስጅንና የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከታወቀ፣ ሰውነቱ ምን ያህል ጉልበት እንዳቃጠለ ብቻ ሳይሆን ከስብ ይሁን ከስኳር እንዳቃጠለም ማስላት ይቻላል። እያንዳንዱ ሰው ክፍሉ የገባው ሦስት ጊዜ ነው፦ አንዴ የአረንጓዴ ሻይ ጭምቅ፣ አንዴ ካፌይን ብቻ፣ አንዴ ደግሞ ምንም የሌለበት እንክብል እየወሰደ። ጭምቁን በወሰዱበት ቀን ያቃጠሉት ጉልበት በ4 በመቶ ያህል በለጠ፤ የስቡም ድርሻ ጨመረ። በጭምቁ ውስጥ ያለውን ያህል ካፌይን ለብቻው ሲሰጣቸው ግን ለውጥ አልታየም። ታዲያ ሌላ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ነገር ካቴኪን ይባላል። ጥቁሩም አረንጓዴውም ሻይ የሚገኘው ከአንድ ተክል ነው። ቅጠሉ ሲቀጠቀጥ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየር ጋር ይገናኝና ካቴኪኖቹን ወደ ሌላ ነገር ይለውጣል፤ ቅጠሉም ይጠቁራል። ከውሽውሽና ከጉመሮ እርሻዎች መጥቶ ቤታችን የምናፈላው ጥቁር ሻይ ቀለሙን የሚያገኘው እንዲህ ነው። ቻይናዎች ቅጠሉን በጋለ ብረት ላይ አምሰው፣ ጃፓኖች ደግሞ በእንፋሎት መትተው ኢንዛይሙን ሥራ ሳይጀምር ያስቆሙታል። ስለዚህ ካቴኪኖቹ እንዳሉ ይቀራሉ። ከእነሱ ውስጥ ዋነኛው፣ ተመራማሪዎች ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. የሚሉት ነው።

ማሸጊያው ላይ በጉልህ የሚጻፈው «በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ካቴኪን በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ኃይለኛ አንቲኦክሲዳንት ነው። ችግሩ ከጠጣነው ውስጥ ወደ ደም የሚዘልቀው እጅግ ጥቂቱ መሆኑ ነው። የጄኔቫዎቹም ማብራሪያ ከአንቲኦክሲዳንትነቱ ጋር ግንኙነት የለውም። ነርቮች ኖርአድሬናሊን ሲለቁ ሰውነት ስብ እንዲያቃጥልና ሙቀት እንዲያመነጭ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ይህን ኖርአድሬናሊን ቶሎ የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፤ ካቴኪን ያንን ኢንዛይም ያዳክማል፣ ትእዛዙም ረዘም ይላል። ካፌይን ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ያለ ሌላ ልጓም ያላላል። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው ሲሆኑ የሚበረቱት።

ሚዛን ላይስ? በ2005 በታተመ አንድ የጃፓን ጥናት ሁለት የወንዶች ቡድኖች ለ12 ሳምንት በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ሻይ ጠጡ። የአንደኛው 690 ሚሊግራም ካቴኪን ነበረው፣ የሁለተኛው 22 ብቻ። የመጀመሪያዎቹ 2.4 ኪሎ ቀነሱ፣ ሁለተኛዎቹ 1.3። ተመራማሪዎቹ የካዖ ኩባንያ ሰዎች ነበሩ፤ ካዖ ደግሞ ካቴኪን የበዛበት ሻይ በጠርሙስ ይሸጣል። ይህን ማወቅ አይከፋም። በ2012 ኮክሬን የተባለው የሕክምና መረጃ መርማሪ ድርጅት ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲያይ፣ ከጃፓን ውጭ የተደረጉት ስድስቱ ያሳዩት አማካይ ልዩነት 40 ግራም ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከቁጥር የማይገባ ነው።

ውጤቱ ለምን እንደተለያየ አንዱ ፍንጭ ከኔዘርላንድስ የማስትሪኽት ተመራማሪዎች ይመጣል፦ ከቀነሱ በኋላ ክብደታቸው ተመልሶ እንዳይጨምር የሻይ ጭምቅ ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል የተጠቀሙት ቀድሞ ካፌይን እምብዛም የማይወስዱት ነበሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የማይቀርበት ቤት ላደገ ሰው የምሥራች አይደለም።

«እንግዲያው መጠኑን ላብዛ» ብሎ ወደ እንክብል መሄድ ግን አደጋ አለው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ከ1,000 በላይ ያረጡ ሴቶች ለአንድ ዓመት 843 ሚሊግራም ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. ወይም ባዶ እንክብል በየቀኑ ሲወስዱ፣ ጭምቁን ከወሰዱት 5 በመቶ ያህሉ ላይ የጉበት ኢንዛይም በግልጽ ከፍ አለ፤ በባዶው ቡድን 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል አስታወቀ። ሻዩን አፍልተው የሚጠጡ አውሮፓውያን በአማካይ በቀን የሚያገኙት ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ስለሆነ ብዙም አያሰጋም። ሲበዛ ያው አንቲኦክሲዳንት የተባለው ነገር በጉበት ሕዋስ ውስጥ ተገልብጦ ኦክሲዳንት ሊሆን እንደሚችል ይታሰባል።

ወደ ጄኔቫው 4 በመቶ ስንመለስ፣ በካሎሪ ሲተመን 80 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ይይዛል። በቀን ሁለት ብርጭቆ ጥቁር ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 96 ኪሎ ካሎሪ ከስኳሩ ብቻ ያገኛል። በእኔ ግምት አረንጓዴ ሻይ ለክብደት የሚውለው ትልቁ ውለታ ይኸው ነው፦ ያለ ስኳር መጠጣቱ። ስኳር ከጨመሩበት ሂሳቡ ይበላሻል።

ሰዓቱም ይታይ። የሻይ ካቴኪንና ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ይይዙና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። የጤፍ እንጀራና የምስር ወጥ ብረት ይህ ዓይነቱ ነው። ደም ማነስ ያለባትና ነፍሰ ጡር ሴት ሻዩን ከገበታ አንድ ሰዓት ያህል ብታርቀው ይሻላል። ናዶሎል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ አረንጓዴ ሻይ በደም ውስጥ ያለውን የዚህን መድኃኒት መጠን በእጅጉ እንደሚቀንስ ጃፓን ውስጥ በሰው ላይ ተለክቶ ታይቷል።