ተጨማሪ መረጃ፦ እጀታ ያለው ኮምፒውተር
በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ክሬም ቀለም ያለው ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን ነበር። አፕል በ1998 ለገበያ ያቀረበው አይማክ ግን ውስጡን በከፊል የሚያሳይ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለብሶ መጣ። ስክሪኑና ሌሎቹ ዋና ክፍሎቹ በአንድ ቀፎ ውስጥ ነበሩ፤ አናቱ ላይ ደግሞ እጀታ ነበረው። ከ17 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ ማን ተሸክሞ ይዞራል? በወቅቱ የአፕል የንድፍ ቡድን መሪ የነበረው ጆኒ አይቭ እጀታውን የፈለገው በዋናነት ለመሸከሚያ አልነበረም፤ ኮምፒውተር የሚያስፈራው ሰው እጀታ ሲያይ ለመንካት ይደፍራል ብሎ ነው። ብልህ ሐሳብ ነበር። በ1999 አምስት አዳዲስ ቀለሞች ወጡ። ተመሳሳይ ቀፎዎችም ብቅ ስላሉ አፕል በዚያው ዓመት ኢማሽንስ የተባለውን ኩባንያ «የአይማክን መልክ ቀዳብኝ» ብሎ ከሰሰ።