የካሳ ፍርድ ከማን በጀት ይከፈላል?

መንግሥት ለመንገድ ወይም ለፋብሪካ መሬት ሲወስድ የሚከፍለው ካሳ የፍርድ ቤት ውሳኔና የመንግሥት በጀት ፊት ለፊት ከሚገናኙባቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ለሚወሰደው የግል ንብረት ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያስገድዳል።

በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ይባዛለት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። በደነባ ዙሪያ በጥቁር አፈር ላይ ስንዴና ምስር የሚያመርት ገበሬ ገቢው በተከታታይ 40፣ 50፣ 60፣ 80 እና 100 ሺህ ብር ነበር እንበል። በፊተኛው ሕግ 660 ሺህ፣ በኋለኛው 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ብር ይደርሰዋል። የእህል ዋጋ በናረ ቁጥር የመንግሥት ዕዳም አብሮ ይንራል።

በግምቱ ቅር የተሰኘ ባለይዞታ አቤቱታ ሰሚውንና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤውን አልፎ ፍርድ ቤት ይደርሳል። እዚያ ክርክሩ በፍርድ ወይም በእርቅ ይዘጋል፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እርቅ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ፈርሞ በኦዲት ከሚጠየቅ ተፈርዶበት ቢከፍል ይቀለዋል። ውድ ጥንቃቄ ነው።

ጉዳዩ በአንድ ገበሬ ፋይል አይቆምም። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አንዱ የካሳ ጥያቄ ሲፈታ ተመሳሳዮቹ ሁሉ ወጪ ይዘው ይከተላሉ። በጀት ሲጸድቅ ያልታሰበው ይህ ወጪ የሚሸፈነው ከሌላ የበጀት ርዕስ በማዛወር፣ በተጨማሪ በጀት ወይም ፕሮጀክቱን በማዘግየት ነው።

የመንግሥት ምላሽ ከፋዩን መቀየር ሆነ። በ2016 የጸደቀው የአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማሻሻያ፣ ለፌዴራል ፕሮጀክቶች የፕሮጀክቱ ባለቤት ይከፍል የነበረውን ካሳ ወደ ክልሎች አዛወረ። ግምቱን የሚሠራ አስተዳደር በሌላ ኪስ ከመቸር ይታቀባል፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን የክልል በጀት ከፍተኛ ድርሻ የፌዴራል ድጎማ ነው፤ ደነባ እንደምትገኝበት እንደ ሲያደብርና ዋዩ ያለ ወረዳም ከክልሉ ከሚደርሰው ውስጥ ከደመወዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከፋዩ ሲቀየር ድጎማው አብሮ ካልተስተካከለ፣ የካሳው ፍርድ የሚከፈለው ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ ርዕስ ይሆናል።